ከአዲስ አበባ እስከ ሮብ ገበያ፦ አንዲት እናት በሁለት ዓይን

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። የሠፈሬ ሰዎች ጎጃም ናፍቋቸው አያውቅም፤ እኔም በጣልያን ካሚዮን ተጭኜ እስክሄድ ድረስ ናፍቆኝ አያውቅም ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ ግን «እስቲ ንገረን» የሚለኝ ስለበዛ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ስለ ተራራውና ስለ ሸለቆው የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ አብዛኛውን መንገድ የሄድሁት ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ልናገር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ እኔም ከእሱ ሥር ቀለም ስበጠብጥ አድጌ ሠዓሊ ሆንሁ። ጣልያን ከገባ በኋላ ሥዕል የሚያሠራ ሲጠፋ፣ ቤፔ ለሚባል ጣልያን የሲኒማ አንሺ ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ሥራዬ የካሜራውን ሣጥን መሸከም፣ ፊልም መለወጥና ቤፔ የሚናገረውን አማርኛ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። ስሜን መጥራት ስላቃተው «ፒቶሬ» ይለኛል፤ በቋንቋቸው ሠዓሊ ማለት ነው። ስድብ አለመሆኑን ሁለት ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የሄድነው ቤፔን የቀጠረው የጣልያን ፊልም ቢሮ አንድ አጭር ፊልም ስላዘዘን ነው። በአገራቸው ሲኒማ ቤት ከትልቁ ፊልም በፊት የሚታይ፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ፣ በሰላም የምትኖር የአንዲት ባላገር እናት ፊት። ለምን ጎጃም እንደተመረጠ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ ጎጃም ከከተማ ወጣ ካሉ ሰላም ስላልነበረ፣ ሰላም መሆኑን ማሳየት ያስፈለገው እዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ የወጣነው ጎሕ ሲቀድ ነው። ካሚዮኑ የጫነው ዱቄት፣ ሽቦ፣ ቤፔንና እኔን ነበር። ቤፔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከዱቄቱ ጋር። ፍቼ ስንደርስ ወርጄ በመኪናው መስተዋት ራሴን ሳይ፣ አባቴ ይሥላቸው ከነበሩት ሽበታም መናኞች አንዱን መስያለሁ። ሕፃናት መስቀል ሊሳለሙኝ መጡ። ባርኬ ሰደድኋቸው፤ ምን ላድርግ?

ያደርነው ጎሐ ጽዮን፣ ጠላ ከምትሸጥ ሴት ቤት ነው። ቤፔ እንቁላል ጠየቀ። ሴትዮዋ የገና ጾም መሆኑን ነገረችው። እሱ እንደማይጾም እኔ ነገርኋት።

«እሱ ባይጾም ዶሮዋ ትጾማለች» አለችና ሽሮ አቀረበች።

የእኛ ሠፈር ሽሮ ሳህኑን ቢያዘነብሉት ይሄዳል። የእሷ ሽሮ የትም አይሄድም። ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ። ስንተኛ የራሷን አጎዛ አንሥታ ለቤፔ አነጠፈችለት፤ ለምን ብዬ ብጠይቃት «ቀጭን ነው፣ ብርድ ይገድለዋል፤ ከዚያ እኔን ነው የሚጠይቁኝ» አለች።

ሁለተኛው ቀን

አባይ በረሃ ጧት ጋቢ ተከናንበው ገብተው፣ ቀትር ላይ ሸሚዝ አውልቀው የሚወጡበት አገር ነው። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላና ቆምን፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁላችንም ጥላ ፈልገን ተጋደምን። እኔ የፊልሙን ሣጥን ተንተርሼ ነበር። ስገላበጥ ሣጥኑ ተከፈተና አንድ ቆርቆሮ ፊልም ወጥቶ ቁልቁል ይንከባለል ጀመር። ተነሥቼ ሮጥሁ፤ ቆርቆሮው ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ቤፔ ገደሉ አፋፍ ላይ መጥቶ ለሞተ ሰው እንደሚያደርገው ባርኔጣውን አነሣ።

ካሜራችን እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ የሚጠመዘዝ ነው። አንድ ቆርቆሮ ፊልም አንድ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። የያዝነው አራት ነበር፤ ሦስት ቀረን። ቤፔ እስከ ደጀን ድረስ አላናገረኝም። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ በፊትም ብዙ አላናገረኝም።

ደብረ ማርቆስ የገባነው ወደ ማታ ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ ከአዲስ አበባ ብርድ ጋር ወንድማማች ነው፤ ታላቁ ግን እሱ ነው። ያሳደሩን ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እራት ሲቀርብ ለእኔ የተለየ ሳህን መጣ።

«ጾመኛ መሆንህን ሰምተናል» አሉኝ። «ዘይቱ የኑግ ነው። ድስቱም ዛሬ የተገዛ ነው። ሳትጨነቅ ብላ።»

ለአንድ ሌሊት እንግዳ አዲስ ድስት! በእኛ ሠፈር ለሙሽራም አይገዛም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አልሁ።

ሦስተኛው ቀን

ቤፔ ገበያ ወጥቶ ፊት ፍለጋ ዋለ። ሴቶቹ ካሜራውን ሲያዩ ነጠላቸውን ይከናነባሉ። ተናዶ ቁልፉን ጠመዘዘና አንዱን ቆርቆሮ ገበያው ላይ ጨረሰው። በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ያነሣው አብዛኛው የበቅሎ ጀርባ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ፊልም ቀረን።

ማታ ሐጂ ሰይድ ነገሩን ሰምተው አሰቡና፣ «ፊት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሮብ ገበያ ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ አሉ» አሉኝ። «የእኔ ደንበኛ ናቸው። እንዲህ ያለ ፊት አላየሁም። ግን አንድ ልጃቸውን ጣልያን ወስዶ ባሕር ማዶ አስሮባቸዋል። ዲማ ቅኔ የተማረ ጨዋ ልጅ ነው። ይስቃሉ ብላችሁ አትጠብቁ።»

ቤፔ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «ጥሩ ፊት ናቸው አሉ» አልሁት።

አራተኛው ቀን

በበቅሎ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ወጣን። ሁለት ባንዳ ዘበኞች ታዘውልናል። ጠመንጃቸውን አንግተው፣ መንገዱን ሁሉ ጮክ ብለው ስለ ከብትና ስለ ሚስት ያወራሉ። ጫካ ውስጥ ያለ አርበኛ ድንገት አይቷቸው እንዳይደነግጥ ብለው ይመስለኛል። ማንም አልደነገጠም፤ ከእኔ በቀር።

ወይዘሮ ይመኙሻል ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ገብስ ከሚያበጥሩበት ቀና ብለው ቤፔን አለፉትና እኔን አዩኝ።

«አንተ የማን ነህ?»

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ እሜቴ። ሠዓሊ ነኝ።»

«ከእነዚህ ጋር ሆነህ ምን ትሥላለህ?»

ሣጥኑን አወረድሁ። ከዚያ መልካቸውን በዚህ ዕቃ አንሥተን፣ ፈረንጆቹ አገራቸው ወስደው ለሰው እንደሚያሳዩት አስረዳኋቸው።

«አገራቸው? ባሕር ማዶ?»

«አዎን፣ እሜቴ።»

«ልጄ አያልነህ ያለው እዚያ አይደለም እንዴ!» ሰፌዱን አስቀመጡ። «ታዲያ ምን ደጅ ያስቆማችኋል? ግቡ እንጂ!»

እስረኛ ወደ ሲኒማ ቤት እንደማይወሰድ አውቃለሁ። አልተናገርሁም። ይህን የምጽፈው ኮርቼበት አይደለም፤ ብናገር ወደ ሰፌዳቸው ይመለሱ ነበር፣ ቤፔም እኔን ይመልሰኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ሻሻቸውን ከፍ ሲያደርጉ ነው ያየነው። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ እንደ ወተት ነው። ቤፔ «ቤላ!» ብሎ ጮኸ። ቆንጆ ማለቱ ነው። በሩ አጠገብ አስቀምጦ፣ ብርሃኑ ነጩ ዓይን ላይ እንዲያርፍ በግራ ጎናቸው ሊያነሣቸው ፈለገና አገጫቸውን ይዞ ወደ ጎን አዞራቸው። እጁን እንደ ዝንብ ከፊታቸው ላይ አነሡት።

«በአንድ ዓይን ልታስቀሩኝ ነው? እኔ ይሁዳ ነኝ ወይስ ሰይጣን?»

ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት አጉረመረመ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኑ ሁለት ነው። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሐዲና ሰይጣን ነው፤ ይህን ቤተ ክርስቲያን የገባ ሁሉ ያውቃል። ለቤፔ ተረጎምሁለት። እሱም በእነሱ አገር የንጉሥ መልክ ሳይቀር ገንዘብ ላይ የሚቀረጸው በጎን እንደሆነ ንገራቸው አለኝ። ነገርኋቸው።

«ነገሥታቶቻቸውን?» አሉ። «እነሱ ያውቋቸዋላ።»

ይህን አልተረጎምሁም።

ቤፔ ግን እልኸኛ ነው። ሴትዮዋ ወደ ጓሮ ሲሄዱ ካሜራውን ይዞ ከኋላ ደረሰባቸውና ሳያስፈቅድ ቁልፉን ለቀቀው። እሳቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ፊልሙ እስኪያልቅ ቆሙለት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ነጠላ አነሣ። አንድ ፊልም ቀረን።

ከዚያ ቤፔ ጓሮ ውስጥ የተዘፈዘፈ ግብጦ አየ። ግብጦ እዚህ አገር በሽ ነው፤ ተቆልቶ መራራነቱ እስኪወጣ ብዙ ቀን በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ይቆረጠማል። ቤፔ ሲያየው ፊቱ በራ። ለካ በእነሱም አገር ይበላል! «የእናቴ! የእናቴ!» እያለ በእፍኙ ዘገነ።

«ኧረ ተው! ከነከርሁት ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

ተረጎምሁለት። በእነሱም አገር ትንሽ መረር ይላል ብሎ ደጋግሞ ዘገነ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

አምስተኛው ቀን

ቤፔ አልተነሣም። ያሳለፈውን ሌሊት ለመጻፍ ጨዋነቴ አይፈቅድልኝም። ወይዘሮ ይመኙሻል ተልባ በጥብጠው፣ ጭንቅላቱን በክንዳቸው ደግፈው ያጠጡታል።

«ልጅዎን ላሰረ ሰው?» አልኋቸው።

«እሱ ነው ያሰረው? ይሄ ግብጦ መብላት እንኳ የማይችል ነው።» ጭንቅላቱን ቀስ አድርገው አስተኝተው፣ «እናት አለችኝ ሲል አልሰማኸውም?» አሉ።

ወደ ደጅ ጠሩኝና በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ። ይሄ ዓይኔ መጥፋቱን አያልነህ አያውቅም። ሊወስዱት ሰሞን ነው የጀመረኝ። ቀኜን እየሰጠሁት እየተቀመጥሁ፣ ሻሼን ዝቅ እያደረግሁ ሸሸግሁት። አሁን እንዲህ ቢያየኝ፣ በእኔ ምክንያት አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ጠፋ ይላል። የታሰረ ሰው ይሄን ተሸክሞ ያድራል? ደህና ነኝ ብዬ ወረቀት አስጽፌለት ነበር። ደህና ነኝ የማይል ማን አለ? የማይዋሽ መልክ ነው። ሁለት ዓይን አድርገህ አንሣኝ።»

«እሜቴ፣ ይሄ ዕቃ ያለውን እንጂ የሌለውን አያነሣም።»

«ዕቃውን አይደለም የለመንሁት። አንተ ሠዓሊ ነኝ አላልህም?»

ልጃቸው የት እንደታሰረ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው የላከውን አንዲት ደብዳቤ አሳዩኝ፤ አድራሻውን ክንዴ ላይ በእርሳስ ጻፍሁት፣ ወረቀት ፍለጋ ስገባ ሐሳቤን እንዳልለውጥ ብዬ።

ቤፔን ሳላስፈቅድ ካሜራውን አወጣሁ። ከብርሃን ጋር ብዙ ታገልሁ። ሥዕል ላይ ብርሃን አንተ የምታስቀምጥበት ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ፀሐይዋን መለማመጥ ነው። እሳቸውን ከቤቱ ጥላ አፍ ላይ፣ ፊት ለፊት አስቀመጥሁ። ፊታቸው ብቻ እንዲሞላው ተጠጋሁ። ታጥቦ በተቀመጠ ሻሽ ፀጉራቸውን አስረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ቆሟል።

«እስከ መቼ ልቀመጥ?»

«እስክነግርዎ ድረስ።»

ቁልፉን ጠምዝዤ ለቀቅሁት። አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውን እንኳ ያርገበገቡ አልመሰለኝም። አንዲት ዝንብ መጥታ ጉንጫቸው ላይ አረፈች፣ ወደ ግንባራቸው ሄደች፤ እሳቸው እንደ ግድግዳ ሥዕል ናቸው። ፊልሙ አለቀ። ቤፔ ከውስጥ ስለጮኸ ሮጬ ገባሁ፤ ውሃ ሰጠሁት፣ አንሶላ ለወጥሁለት፣ በጣልያንኛ ተሰደብሁ። ብዙ ቆይቼ ስወጣ ወይዘሮ ይመኙሻል እዚያው በርጩማ ላይ፣ እዚያው አቅጣጫ እያዩ ተቀምጠዋል።

«እሜቴ! ጨርሰናል እኮ!»

«አልነገርኸኝማ» አሉ ከንፈራቸውን ብቻ እያነቃነቁ።

ይቅርታ ጠይቄ፣ ይሄ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያነሣ ዕቃ መሆኑን፣ ትንሽ ዘወር ቢሉ፣ ፈገግ ቢሉ ጥሩ እንደነበር ነገርኋቸው።

«ምን ማለትህ ነው? እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔ ዘወር ብዬ ብገኝስ?»

ስድስተኛው ቀንና መመለሻው

ቤፔ ተደግፎ ተነሣ። ሣጥኑን ከፍቶ ፊልም አለመኖሩን ሲያይ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። ነገርሁት። በሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቁን ተወ። ወይዘሮ ይመኙሻል ለመንገድ በሶ ቋጠሩልን፤ የቤፔን ቋጠሮ ለብቻ አደረጉትና «ይሄን በውሃ ብቻ ይበጥብጥ። ግብጦ የሚባል እንዳያይ» አሉ። እኔን በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው ሳሙኝ። «አደራ» አሉኝ።

ደብረ ማርቆስ ሐጂ ሰይድ ያን አዲሱን ድስት አልነካነውም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የመጣሁበት ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለመጣሁ አሁን ሁሉንም ከፊቴ አየሁት።

ፊልሙ ታጥቦ በቢሮው ጨለማ ክፍል ታየ። የቢሮው ሹም ትንሽ እንዳየ «ማሽኑ ቆሟል፣ አስተካክሉ» አለ። ቤፔ አልቆመም አለው። ሹሙ አላመነም። ዝንቧ ከጉንጭ ወደ ግንባር ስትሄድ ነው ያመነው።

«ይሄ ፎቶግራፍ ነው» ብሎ ተነሣ። «ለፎቶግራፍ ካሚዮን አያስፈልግም።»

ቤፔ ኮቱን እየለበሰ ጥቅልሉን አሳየኝና «ፒቶሬ፣ ይሄን ጣለው» አለኝ። ይህን ሲል ግድግዳውን ነበር የሚያየው። እቤቴ ወሰድሁት።

በመስኮት ብርሃን ዘርግቼ ሳየው የሴትዮዋ ስሕተት ምን ያህል እንደጠቀመኝ ገባኝ። ስላልተነቃነቁ ከየትም ብቆርጠው ሙሉ እሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዷ ምስል የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ ግን ጥርት ያለች ናት። ዝንቧ ከመምጣቷ በፊት ካለው ሰባት ምስል ቆረጥሁ። እኛ ዘንድ ዓይን የሚሣለው መጨረሻ ላይ ነው፤ አባቴ ዓይን ሊሥል ሲል እጁን ታጥቦ ይጸልይ ነበር። እኔም እጄን ታጠብሁ። አንዲት ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽ፣ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ጥቁር ነጥብ ነጩ ዓይን ላይ አስቀመጥሁ፤ ሰባት ጊዜ። ሁለተኛው ቀን ላይ ቤፔ መጣና የማደርገውን አየ። ማጉያ መስተዋቱን ከኪሱ አውጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

እሱ ለዕረፍት አገሩ ሲሄድ ሰባቱን ምስል ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ የአያልነህንና የራሴን አድራሻ ጽፌበት ሰጠሁት። ታደርስልኛለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።

«ተልባ አጠጥታኛለች» አለና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ክረምቱ አለፈ። ተቀዶ የታሸገ፣ ማኅተም የበዛበት ደብዳቤ መጣልኝ። የሚያምር የቁም ጽሕፈት ነው፤ አጭር ነው።

«የእናቴ መልክ ደርሶኛል። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዤ በየቀኑ አያታለሁ፤ ባልንጀሮቼም አይተዋታል። ቀኙ ዓይን የራሷ ነው። የግራው እኔ ቤት ሳለሁ ነው የጠፋው። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጨለመ እያለች መርፌዋ ውስጥ ክር እንዳስገባላት ታዘኝ ነበር። የማላውቅ ስለመሰላት፣ እኔም አላወቅሁም። የግራውን ለሣለልኝ ሰው እጁ ይባረክ በሉልኝ። ለእሷ ግን ሁለቱንም አየ ብላችሁ ንገሩልኝ።»

ተቀምጬ አለቀስሁ። በርበሬ አልነበረም።

ለሐጂ ሰይድ የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ጽፌ ላክሁላቸው። እሳቸውም በበቅሎ ሮብ ገበያ ድረስ ወጥተው፣ ከወይዘሮ ይመኙሻል ጎን ተቀምጠው፣ «ልጅዎ መልክዎን አገኘ፤ ሁለቱንም ዓይንዎን አየ» አሏቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን በእጃቸው መትተው ሳቁ። ልጃቸው ከተወሰደ ወዲህ ሲስቁ ያየ የለም ብለው ጽፈውልኛል ሐጂ ሰይድ።

«አላልኋችሁም? አያውቅም አላልኋችሁም!» አሉ፤ በግራቸው የተቀመጡትን ሐጂ ሰይድን ለማየት ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ አዙረው።